አሥራ ሁለቱ ቢስክሌቶች

አሰብ፣ ሰኔ 26 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይልቃል፣

አንተም፣ ብርቅዬም፣ እናትህ እማማ ወለተጊዮርጊስም ደህና ናችሁ ብዬ አምናለሁ። እኔም ከላቡ በቀር ደህና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ፤ የፈተና ወረቀት ሳርም ሰነበትኩ። ወረቀቱ ላይ ላቤ እየተንጠባጠበ የስንቱን ልጅ መልስ እንዳጠፋሁት አትጠይቀኝ።

አሁን የምሥራቹን ልንገርህ። ዝውውሬ ተፈቀደ። ከመስከረም ጀምሮ ኮምቦልቻ እንዳስተምር የሚል ደብዳቤ ከአዲስ አበባ መጥቷል። የቀረው የቀበሌው መልቀቂያ ብቻ ነው። ያለ እሱ በመንገድ ብሄድ ኬላው ላይ ይመልሱኛል፣ አውሮፕላን ማረፊያውም አያሳፍሩኝም። ሊቀመንበሩን ጓድ ውድነህን ሄጄ አነጋገርኩት፤ በሳምንቱ ተመለሽ ብሎኛል።

«የሰው ልጆች ይዘሽ ቅዳሜሽን የምታቃጥይው ለምንድን ነው?» ላልከኝ፣ የራሴን ልጅ ስለማላገኝ ነው ብዬ ልመልስልህ ነበር። ብርቅዬን ሙቀቱ አሳምሟት ወደ አንተ የላክኋት በአራት ዓመቷ ነው፤ አሁን ስምንት ሞላት። ያኔ ቤቱ ባዶ ሲሆንብኝ ነው የቢስክሌት ክለቡን የጀመርኩት። ግን አሁን ምክንያቱ እሱ ብቻ አይደለም። ጋሽ ሣህሉ የሚባሉ የነዳጅ ማጣሪያው በያጅ ከወደብ የተጣለ ብረት እየለቀሙ፣ እየበየዱ፣ አሥራ ሁለት ቢስክሌት ሠርተውልናል። ሠላሳ አንድ ልጆች በተራ ይነዷቸዋል። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አይከፍለንም። ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥተን እስከ ጨው ማምረቻው ደርሰን እንመለሳለን፤ ከዚያ ማዶ አይፈቀድም። አንዷ ትንሽ ልጅ ከጨው ማምረቻው ማዶ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ኬላ አልኳት። ከኬላው ማዶስ አለችኝ። ኮምቦልቻ አልኳት።

ሦስቱ ትልልቆች፣ ካሣ፣ ሑመድና ንጋቱ፣ ትንንሾቹን ያሠለጥኑልኛል። አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ቁመታቸው ከጋሽ ሣህሉ በልጧል። መስከረም ላይ ለእነሱ ትቼው እመጣለሁ።

ብርቅዬን ሳምልኝ።

ትሩፋት


ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ትሩፋት፣

ሰላም ብያለሁ። ደብዳቤሽን ለብርቅዬ አነበብኩላት። ኮምቦልቻ የሚለው ላይ ስደርስ እኛ ነን አለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መስከረም ስንት ቀን ቀረው ትለኛለች።

የጓዳውን ግድግዳ አስለስኜዋለሁ። እናቴ ያንቺን አልጋ በመስኮቱ በኩል አድርጋዋለች፤ ከሙቀት አገር ስለምትመጣ አየር ያሻታል ብላ ነው። እዚህ ክረምቱ መሆኑን፣ መስኮት ከተከፈተ ሁላችንም ብርድ እንደሚመታን ላስረዳት ሞክሬ ነበር።

የኋለኛው ደብዳቤሽ ግን አላማረኝም። አራት መስመር ነው። «መልቀቂያው ትንሽ ቆየ» ብለሽ ዝም አልሽ። ሰውዬው ምን እየጠበቀ ነው? አሰብ የሚመላለስ ተክለጻድቅ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ተዋውቄያለሁ፤ የሚታመን ሰው ነው። በፖስታ የማይጻፍ ነገር ካለ በእሱ እጅ ላኪ።

ይልቃል


አሰብ፣ ሐምሌ 27 ቀን 1980 ዓ.ም.
በተክለጻድቅ እጅ

ይልቃል፣

ሰውዬው የሚጠብቀው የእኔን ፊርማ ነው።

ጓድ ውድነህ ለብሔራዊ ውትድርና የሚያቀርበው ቁጥር ከላይ ተሰጥቶታል። ከወጣቱ የሚበዛው በየዘመዱ ተበትኗል፤ ዐይኑ ያረፈው በእኔ ሦስቱ ላይ ነው። የካሣ እናት ታደለች፣ የወደቡ መመገቢያ ቤት ወጥ ሠሪ ናት፣ የልጇን የክርስትና ወረቀት ይዛ እስከ ላይኛው ቢሮ ሄዳ ጮኻለች። ከዚያ ወዲህ ለዕድሜያቸው የአስተማሪ ቃል አስፈለገው። ጠራኝና የተተየበ ወረቀት ሰጠኝ።

«አሥራ ስምንት ሞልቷቸዋል» አለኝ።

«አልሞላቸውም። የክለቡ መዝገብ ላይ የተወለዱበት ዓመት አለ።»

«መዝገቡን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። የምታርሚውም አንቺ ነሽ።»

ከዚያ መሳቢያውን ከፈተ። መልቀቂያዬ እዚያ ነበር፤ ስሜ ተጽፎበት፣ ማኅተም አርፎበት። የጎደለው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። ሁለቱም ወረቀት በአንድ ቀን ይፈረማሉ ብሎ መሳቢያውን ዘጋው። አልተቆጣም። ቁጥሩን ካላሟላ የራሱ የእህት ልጅ እንደሚሄድ ነገረኝ፤ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ። ብጠላው ይሻለኝ ነበር።

አልፈርምም አላልኩም። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ይልቃል፣ ምን ላድርግ? ስጠይቅህ መልሱን ፈርቼው ነው።

ትሩፋት


ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1980 ዓ.ም.
በተክለጻድቅ እጅ

ትሩፋት፣

ፈርሚ።

ብትፈርሚም ባትፈርሚም ይወስዷቸዋል። አንቺ እምቢ ካልሽ ሌላ አስተማሪ ይፈርማል፤ ልጆቹ ሄደው አንቺም እዚያው ትቀሪያለሽ። ልጅሽ እናትሽ ምን ትመስላለች ሲሏት ፎቶግራፍ ነው የምታሳየው። ባለፈው ዓመት ያቺን አሥራ አምስት ቀን ፈቃድ አግኝተሽ ስትመጪ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ እትዬ እያለች ስትጠራሽ እኔ ነኝ ያየሁት። ያንቺን ፊትም አይቻለሁ።

እነሱ የሰው ልጆች ናቸው፤ የራሳቸው አባትና እናት አላቸው። እኔ ደግሞ የማውቃት አንዲት ልጅ አለች። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ይልቃል


አሰብ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለይልቃል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ይህን በፖስታ የምልከው ተክለጻድቅ እስኪመጣ ስላልጠበቅሁ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልጽፍም።

ስለመከርከኝ ነገር አስቤያለሁ።

ክለባችን ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል በሰልፍ እንዲያልፍ ታዟል። አሥራ ሁለቱም ቢስክሌቶች እንዲገኙ፣ አንድም እንዳይጎድል ተብሏል። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። ልጆቹ ነጭ ሸሚዝ ያሰፋሉ። ልምምዱ ጠዋት ጠዋት ነው፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ አስፋልቱ ጎማ ያቀልጣል።

ታደለች ቢስክሌት መንዳት ጀምራለች። በአርባ አምስት ዓመቷ ለምን ብለህ አትጻፍልኝ።

ብርቅዬ መስከረምን እንዳትቆጥር በዘዴ ንገርልኝ።

ትሩፋት


ኮምቦልቻ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1980 ዓ.ም.
በተክለጻድቅ እጅ

ትሩፋት፣

ደብዳቤሽ ቀዝቃዛ ነበር። የሚገባኝ ነው።

የጎረቤታችን የወይዘሮ ከበደች ልጅ ባለፈው ሳምንት ከሲኒማ ቤት በር ላይ ታፈሰ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ የትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ ስትሄድ ዕድሜው ሞልቷል የሚል ፊርማ አሳዩአት። የፈረመው ፋብሪካው ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ፣ የቀበሌው ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው ነው። የራሱን ወንድም ሊያስቀር ነው አሉ። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። እኔም ሳህኔን ይዤ አለፍኩት። ማዶ ሄጄ ስቀመጥ ለአንቺ የጻፍኩት ትዝ አለኝና ሳህኑን ሳልነካው መለስኩት።

ማታ ወይዘሮ ከበደችን ላጽናናት ሄድኩ። ሚስትህ አልመጣችም ወይ አለችኝ። አሰብ ታስተምራለች አልኳት። እግዜር ለልጆቹ ይጠብቃት አለችኝ። ይህን ሰምቼ እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

የጻፍኩልሽን መልሼ መውሰድ አልችልም። ካልፈረምሽ አትፈርሚ። ከፈረምሽም ሚስቴ ነሽ።

ይልቃል


አሰብ፣ መስከረም 18 ቀን 1981 ዓ.ም.
በተክለጻድቅ እጅ

ይልቃል፣

እንኳን አዲሱ ዓመት በሰላም ገባላችሁ። በዓሉን ሳልጽፍ በማለፌ አትቀየመኝ፤ ወረቀት የማይፈቀድበት ቦታ ነበርኩ። ደህና ነኝ፤ ማንም አልመታኝም። ልብህ እንዲያርፍ ይህን አስቀድሜያለሁ።

አልፈረምኩም። የጳጉሜን ደብዳቤህ የደረሰኝ ስፈታ ነው። ከፈረምሽም ሚስቴ ነሽ ያልከውን ሳላነብ በመወሰኔ ደስ ብሎኛል። ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ያን ቃል የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጋሽ ሣህሉን ሁለት የጭነት መኪና ላይ ከፍ ያለ የብረት አጥር እንዲበይዱ አዘዟቸው። ለመስከረም ሁለት ይድረስ፣ መኪኖቹ የስታዲየሙ በር ላይ ይቆማሉ ተባሉ። ለበግ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁ ሳቁባቸው። መጥተው ነገሩኝ። ያን ጊዜ ሰልፉ ለምን እንደታዘዘ ገባኝ። ፊርማዬን መጠበቅ ሰልችቷቸዋል። ልጆቹን ራሴ አሰልፌ እንዳመጣላቸው ነበር የፈለጉት።

ሦስቱን ከሰልፉ ብናስቀር በዚያው ቀን ቤት ለቤት ይፈልጓቸዋል። ስለዚህ አሥራ ሁለት ቢስክሌት በአሥራ ሁለት ሰው ማለፍ ነበረበት። ጋሽ ሣህሉ አንዱን፣ እኔ አንዱን ልንነዳ ተስማማን። ሦስተኛውን ታደለች እኔ አለች። ቢስክሌት ነክታ አታውቅም። የትምህርት ቤቱን በር ዘግተን ትንንሾቹ አስተማሯት፤ ሁለቱ ኮርቻውን ይዘው፣ አንዷ ከፊት ከፊት እየሮጠች እኔን ብቻ እዪ እያለቻት። ጉልበቷ ተላጠ፣ ክርኗ ተላጠ። አንድም ቀን ይቅርብኝ አላለችም።

ሦስቱ የሄዱት ጳጉሜን አምስት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አሰብን ታውቃታለህ፤ በዚያ ሰዓት ጠባቂው፣ ፖሊሱ፣ ውሻው ሳይቀር ጥላ ፈልጎ ይተኛል። የሑመድ አጎት ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሳንቡቅ በሚሏት የእንጨት ጀልባቸው እስከ ጠረፍ መንደሯ ራሔይታ አድርሰው፣ ከዚያ ወደ ጅቡቲ በእግር ሊያሻግሯቸው ተስማሙ። ይደርሳሉ ወይ ብላቸው ኢንሻአላህ ብለው መረባቸውን ከላያቸው ላይ ጣሉባቸው። ካሣ ከመረቡ ሥር ሆኖ እናቴ ፍሬኑን ቀስ አድርጋ እንድትይዝ ንገሪያት አለኝ። ታደለች አልመጣችም። ካየሁት አልለቀውም ብላ ወጧን ስትሠራ ዋለች።

በሰልፉ ዕለት ታደለች የልጇን ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ከኋላዬ ነበረች። የክብር ቦታው ጋ ስንደርስ ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አጨበጨበ። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች የሴቶች ተሳትፎ ነው ብለው ተነሥተው አጨበጨቡ። እነሱ ሲነሡ ጓድ ውድነህም ተነሣ። ዐይኖቹ ሲቆጥሩን አየሁት፤ አሥራ ሁለት ሞላለት። ፊታችንን አንድ በአንድ ሲያይ ግን እጁ እያጨበጨበ ፊቱ ጠቆረ። እንግዶቹ ፊት ምንም ሊያደርግ አልቻለም። ታደለች እስከ መጨረሻው ሳትወድቅ ነዳች። ስታዲየሙ በር ላይ መቆም ስላላወቀች አጥሩ ላይ ተደግፋ ቆመች።

መኪኖቹ ግን ባዶ አልሄዱም። ከእግር ኳሱ ቡድን ዘጠኝ ልጆች ተጫኑ። ይህን ሳልነግርህ ብቀር ያሸነፍኩ መስዬ እታይሃለሁ። ስለ እነሱ አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር።

በማግስቱ ተጠራሁ። ጓድ ውድነህ አልጮኸም። መልቀቂያዬን ከመሳቢያው አውጥቶ አራት ቦታ ቀደደው።

«አሰብን የወደድሻት መሰለኝ» አለኝ። «ኑሪባት።»

በቀበሌው እስር ቤት አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። የፈቱኝ ትምህርት ሲከፈት የሳይንስ አስተማሪ ስለጠፋ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ዝውውር የከለከለኝም ይኸው የአስተማሪ እጥረት ነበር። ጋሽ ሣህሉን ማጣሪያው ሥራቸውን ስለፈለገው አልነኳቸውም። ታደለችን ሁለት ቀን አስረው ለቀቋት።

ለብርቅዬ ምን እንደምትላት አላውቅም። እኔ ብሆን እውነቱን ነው የምነግራት፤ ግን እኔ እዚያ አይደለሁም።

ትሩፋት


አሰብ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1981 ዓ.ም.
በተክለጻድቅ እጅ

ይልቃል፣

ያሰብከውን ለማንም አልነገርኩም። መልሴ አትምጣ ነው።

ተክለጻድቅ የሚሠራበት ድርጅት አሰብ ላይ መካኒክ መፈለጉ እውነት ይሆናል። የሚገባ ሰው ኬላው ላይ ብዙ እንደማይጠየቅም አውቃለሁ። ከገባህ በኋላ ግን ስምህ ከስሜ አጠገብ ይጻፋል፤ የእኔን በር የዘጋ ሰው ያንተንም ይዘጋዋል። ብርቅዬ አንድ ወላጅ አላት። ያን አንዱን ደግሞ እዚህ አምጥተህ ልትቆልፍባት ነው?

ይህን የምጽፈው በምሬት አይደለም። እንድታውቅ ስለምፈልግ ነው።

ከጅቡቲ ወሬ መጥቷል። ካሣና ሑመድ ተሻግረዋል፤ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማሉ። ታደለች ይህን ስትሰማ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ምን ያህል ይመግቧቸው ይሆን አለች። ደብዳቤ መጻፍ አትችልም፣ ቢጻፍላትም የሚወስድላት የለም። ሕይወቱን አድናለች፤ መልኩን የምታይበት ቀን መኖሩን ግን አታውቅም።

ንጋቱ አልተሻገረም። ራሔይታ ላይ ሁለቱን ጥሎ ተመለሰ። አባቱ የማጣሪያው ዘበኛ ነው፣ የሳንባ በሽተኛ፤ ሳልሰናበተው ወጣሁ ብሎ አልቻለም። የዓሣ ጀልባ መውረጃው ላይ ያዙት። አሁን ማሠልጠኛ ገብቷል አሉ። አባቱ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። ብፈርም ኖሮ ሦስቱም ይሄዱ ነበር፣ አሁን የሄደው አንድ ነው እያልኩ ለራሴ እቆጥራለሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው። የሰውየውን ጀርባ ሳይ ግን ቁጥሩ አይረዳኝም።

ቢስክሌቶቹን የቀበሌው ጥበቃዎች ወስደዋቸዋል። እንደዚያም ሆኖ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ይመጣሉ። የሚነዱት የለም፤ አጥሩ ሥር ጥላው ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሂዱ ልላቸው ወጥቼ አብሬአቸው ተቀመጥኩ። ሲመሽ ተነሥተው ደህና እደሪ ብለውኝ ሄዱ።

ይህን የነገርኩህ እንድትመጣ አይደለም። አትምጣ።

ትሩፋት


ቡሬ፣ በአሰብ መንገድ ላይ፣ ኅዳር 11 ቀን 1981 ዓ.ም.

ትሩፋት፣

አትምጣ ያልሽው ደርሶኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ይህን የምጽፈው ኬላውን ካለፍን በኋላ፣ መንገድ ዳር ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። እኔ የተሳፈርኩበት መኪና የኋላ ጎማ ፈንድቶ ሁለት ቀን እንቆማለን። ተክለጻድቅ ወደ ፊት ስለሚያልፍ ይህን ቀድሞ ያድርስልሽ፤ በድንገት በር ላይ ቆሜ እንዳላስደነግጥሽ። ፋብሪካውን ለቅቄያለሁ። ድርጅቱ ወደቡ አጠገብ ላለው ጋራዥ ቀጥሮኛል።

ብርቅዬን አልዋሸኋትም። እናቴ አጠገብ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስቱን ልጆች፣ ሰልፉን፣ የተቀደደውን ወረቀት። እኔ ከሄድኩ መመለሻዬን እንደማላውቅም ነገርኳት። ከዚያ እማዬ ብቻዋን ናት አለችኝ። አዎ አልኳት። እኔ አያቴ አለችልኝ አለችኝ። እንዲህ ያለችው ልትሸኘኝ ፈልጋ ይሁን ልትቀጣኝ አላውቅም። ስነሣ ወደ ውጭ አልወጣችም። እናቴ ደጅ ድረስ ሸኘችኝና እኔ በሕይወት እስካለሁ አትሳቀቅ አለችኝ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው።

ስለዚህ ትክክል ሠርቻለሁ አልልሽም። ልጅ ጥሎ የወጣ ሰው ትክክል ነኝ ማለት አይችልም። ብርቅዬ ጋ ስሆን አንቺን፣ አንቺ ጋ ስመጣ እሷን እንደበደልኩ እኖራለሁ። ይሁንና በየማታው መብራት ሳጠፋ አጥሩ ሥር የተቀመጥሽው እየታየኝ ሁለት ሳምንት አልተኛሁም።

ኬላው ላይ ያገኘሁት ወታደር ልጅ ነው፣ ጢም እንኳ በቅጡ አላወጣም። የሥራ ወረቀቴን አይቶ መቼ ትመለሳለህ አለኝ። ሚስቴ አሰብ ናት፣ መልቀቂያ ተከልክላለች አልኩት። ወረቀቱን መለሰልኝና ፊቴን አየው።

«ታዲያ አንተም አትወጣም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ትንሽ ቆመ። የምመለስ መስሎት እንደሆነ እንጃ፤ ጊዜ ሰጠኝ። ከዚያ የኬላውን ብረት አነሣልኝ። መኪናው ካለፈ በኋላ ሲወርድ ድምፁን ሰማሁት።

ከነገ ወዲያ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ።

ይልቃል